አፉ የገጠመ ወረንጦ

ሠላሳ ዓመት ፒንሳ ስሸጥ ኖሬ ፒንሳ ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ እትዬ ዓይናለም ናቸው። ይህን ለመናገር አላፍርም። እኔ ደምሴ እባላለሁ፤ ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ሚስማርና ማጠፊያ፣ ሽቦና የእጅ መሣሪያ እሸጣለሁ። ዕቃ የማውቀው በካርቶኑ ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቼ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፤ ገዢው ይወስዳል። «ጥሩ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ «አንደኛ ነው» እላለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

እትዬ ዓይናለም ግን ጥሩ ነው ወይ ብለው አልጠየቁኝም። አምና፣ ዳግም ትንሣኤ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጧት፣ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰው ገቡና ባንኮኒው ፊት ቆሙ።

«ወረንጦ ይኖርሃል፣ ወንድምዓለም?» አሉኝ።

አንድ አወጣሁ። ሁለቱን ክንፎቹን በጣታቸው ገጠሙና ወደ በሩ ብርሃን አነሡት፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። ከዚያ ለእኔ አቀበሉኝ።

«አየት አድርገው እስቲ። ምን ይታይሃል?»

«ምንም አይታየኝም» አልኩ።

«ጫፉ ላይ ብርሃን አይታይህም? ሆዱ ቀድሞ ይገጥማል፤ ጫፉ ክፍት ይቀራል። ይኸ እሾህ ይነቅል ይሆናል እንጂ ክር አይዝም።»

ያን ጧት ያለኝን አሥራ አንድ ወረንጦ ሁሉ አወጣሁ። አንዱ ጫፉ አልገጠመም። አንዱ ገጠመ፤ ግን ጠበቅ ሲያደርጉት ተንጋዶ አንዱ ክንፍ በሌላው ላይ ወጣ። አንዱን በነጠላቸው ላይ ሳብ ሲያደርጉት ክር መዘዘ፤ ጫፉ ላይ ያልተሞረደ ስለት ቀርቶበታል አሉ። በመጨረሻ ከእኔ ካፖርት ላይ አንዲት ፀጉር አንሥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩና በቀረው ወረንጦ ሊያነሧት ሞከሩ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜም አመለጠቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ሲመጣልህ እመለሳለሁ» ብለው ወጡ።

አሥራ አንድ ወረንጦ ወደ ካርቶኑ እየመለስኩ ስነጫነጭ ዋልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው ለአንድ ወረንጦ ግማሽ ቀን የሚያቆመኝ? ቤቴ ገብቼ እራቴን ስበላ ግን፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ ከሰው ጋር ያን ያህል እንዳላወራሁ ትዝ አለኝ። ሚስቴ ፍቅርተ ካረፈች ሰባት ዓመቷ ነው። ልጆቹ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ ናቸው፤ ኔትወርክ ካለ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ደንበኛ የለኝም አልልም። ደንበኛ ግን ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ ተቀምጦ ብርሃን አየህ ወይ አይለኝም።

እትዬ ዓይናለምን አገሩ የሚያውቃቸው ከእኅታቸው ጋር ነው። «እኅትማማቾቹ» ከተባለ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ሌላ እኅትማማች የሌለ ይመስል፣ እነሱ እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ታላቂቱ እትዬ ገነት፣ ታናሺቱ እትዬ ዓይናለም። ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ አግብተው ፈትተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለችው የአባታቸው ቤት አርባ ዓመት ያህል ዶቃ ሲሰኩ ኖረዋል። ለሙሽራ የአንገት ዶቃ፣ ልጃገረዶች ለጥምቀት የሚያደርጉትን የእጅ ዶቃ፣ ለጸሎተኛ ደግሞ መቁጠሪያ። ከእብናት የነጋዴ ሚስት፣ ከጉና ወገብ ልጁን የሚድር ገበሬ ሳይቀር ወደነሱ ይመጣ ነበር።

የነሱ ዶቃ የሚለየው በቋጠሮው ነው። ሌላው ሰው ዶቃውን ክሩ ላይ ይሰካና ዳርና ዳሩን ብቻ ያስራል፤ ክሩ የተበጠሰ ቀን ዶቃው ሜዳ ላይ ይፈስሳል። እነሱ ከእያንዳንዱ ዶቃ በኋላ ይቋጥራሉ። ቋጠሮው ደግሞ ዶቃውን መንካት አለበት፤ ትንሽ ከራቀ ዶቃው እየተንቀሳቀሰ ክሩን ይበላዋል። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ የክሩን ጫፍ ወጥሮ ይይዛል፤ ሌላው ይቋጥርና ቋጠሮውን እየገፋ ዶቃው ሥር ያደርሰዋል። እትዬ ገነት ይወጥሩ ነበር፤ እትዬ ዓይናለም ይቋጥሩ ነበር። እትዬ ገነት አምና ጥቅምት አረፉ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በአንድ ቀን አይደለም። ረቡዕ ረቡዕ ይመጡ ጀመር። መጀመሪያ ቆመው ነበር የሚያወሩት፤ በሦስተኛው ረቡዕ የሚስማር ሣጥን ገልብጬ ጋቢዬን አነጠፍኩላቸውና ተቀመጡ። ያን ቀን ነው የመጡበትን የነገሩኝ።

«ገነት ስታርፍ አንድ ነገር ነው የተናዘዘችው» አሉ። «ለሙት ዓመቴ ሙክት አትረጂ፣ ጠላም አትጥመቂ አለችኝ። አሥራ ሁለት መቁጠሪያ በገዛ እጅሽ ሠርተሽ ለአሥራ ሁለት ጸሎተኛ ስጭልኝ፣ በያዙት ቁጥር ያስቡኛል አለች። እሺ አልኳት። ክሩን የሚይዝልኝ ሰው እንደማይኖር ያን ጊዜ አላሰብኩትም።»

«ጎረቤት አይዝልዎትም?»

«አይተነዋል። ጎረቤቴ ይዛልኝ ሳለች ስልኳ ይጮኻል፤ ትለቀዋለች። ደግሞስ የሰው እጅ ገብቶበት እንዴት በገዛ እጄ ይባላል?»

የወንድማቸው ልጅ ዳኛቸው እብናት እህል ይነግዳል። ክፉ ልጅ አይደለም። አክስቴ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ፣ ክፍል አዘጋጅቻለሁ፣ ይምጡ እያለ ይወተውታል። እትዬ ዓይናለምም ቁርጡን ነግረውታል። ለሙት ዓመቱ አሥራ ሁለቱ መቁጠሪያ ከደረሰ በቤታቸው ይኖራሉ፤ ካልደረሰ እጃቸው አልቋል ማለት ነውና ቤቱን ዘግተው እብናት ይገባሉ።

«በሰው ቤት ጥግ ተቀምጬ፣ ብሉ ሲሉኝ ልበላ፣ ተነሡ ሲሉኝ ልነሣ» አሉኝ። «ልጁ ደግ ነው። ደግነቱ ግን ሥራ አይሆነኝም።»

እንግዲህ እትዬ ዓይናለም የሚፈልጉት የእትዬ ገነትን እጅ የሚተካ ዕቃ ነበር። ይህ ከገባኝ በኋላ አልተነጫነጭኩም። በመጀመሪያ ክሩን ወጥሮ የሚይዝ ትንሽ ሞርሳ መረጥን። አፉ መሃል ወረቀት አስገብተው ያጠብቁና ወረቀቱን ከአንድ ጎን ይስቡታል፤ ሾልኮ ከወጣ የሞርሳው አፍ እኩል አይደለም። አራተኛው ላይ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልወጣም፤ እሱን ወሰዱ። ብረቱ ክሩን እንዳይበላው አፉን በቆዳ አለበሱት። ወስፌውን ባንኮኒው ላይ አንከባለሉ፤ እየዘለለ ከሄደ ጠማማ ነው። መቀሱን በወገቡ አልሞከሩትም። ክሩን በምራቃቸው አርሰው በጫፉ ብቻ ቆረጡ። በወገቡ የማይቆርጥ መቀስ የለም አሉ፤ መቀስ የሚታወቀው በጫፉ ነው።

ፒንሳው አስቸገረን። አንዱን እጀታ ይይዙና ሌላውን ወደ ጎን ይነቀንቃሉ፤ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ከተወላገደ ያስቀምጡታል። የማይወላገድ ሲገኝ ደግሞ አፉ ውስጥ ጥርስ አለው። የመቁጠሪያውን መስቀል የሚይዘው ቀለበት የብር ሽቦ ነው፤ ጥርስ ያለው ፒንሳ ብሩን ያኝከዋል። ጥርስ የሌለው ፒንሳ ደብረ ታቦር ውስጥ አጣን። በመጨረሻ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቀምጬ በሞረድ ጥርሱን ጨርሼ ፋቅሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። እሳቸው ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው «ወዲህ፣ ወዲያ አታብዛው» እያሉ ያሠሩኝ ነበር። ከፍቅርተ ሞት ወዲህ እንደነዚያ ሁለት ከሰዓቶች ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እኔም ተበላሸሁ። አንድ ግንበኛ ፒንሳ ሊገዛ መጥቶ «ይኸ ይወላገዳል፣ አትውሰደው» አልኩት፤ ደንግጦ አየኝና ከጎረቤት ሱቅ ገዛ። የራሴን ዕቃ አንድ በአንድ እያነሣሁ ወደ በሩ አይ ጀመር። ከመደርደሪያው ግማሹ የማይረባ ነው።

የቀረን ወረንጦ ብቻ ነበር። ያለሱ ቋጠሮው በቀላሉ ዶቃው ሥር አይደርስም፤ በጥፍር ቢገፉት ክሩን በሌላ እጅ መሳብ ያስፈልጋል፣ ሞርሳ ደግሞ ይይዛል እንጂ አይስብም። ባሕር ዳር ለሚመላለስ ይሻው ለሚባል ሾፌር ነገርኩት። በስልኩ ፎቶ እያነሣ ይልክልኛል፤ እትዬ ዓይናለም ስልኬን ከዓይናቸው አርቀው ያዩና «በሥዕል ወረንጦ አይመረጥም» ይሉኛል።

ወረንጦው የመጣው ለቡሄ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ይሻው፣ ባሕር ዳር ሱቁን ከዘጋ አንድ የእጅ ሰዓት ጠጋኝ ዕቃ ገዝቶ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ «ይኸን ለእናታችን» ብሎ ሰጠኝ። ቀጭን፣ ጠቆር ያለ ወረንጦ ነው። ገጥሜ ወደ በሩ አነሣሁት። ጫፉ ላይ ብርሃን የለም። አጠበቅሁት፤ አልተንጋደደም። በጋቢዬ ላይ ሳብኩት፤ ምንም አልያዘም። ከጢሜ አንዲት ፀጉር ነቅዬ ባንኮኒው ላይ አኖርኩና ሞከርኩ፤ በመጀመሪያው ብድግ አደረጋት። ሃያ ጊዜ ጨምቄ ለቀቅሁት፤ ሃያ ጊዜ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በማግሥቱ ረቡዕ ነበር። እትዬ ዓይናለም ዣንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ።

«መጣልህ?» አሉኝ።

«መንገዱ ተዘግቷል፤ ዕቃ አልገባም» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አሁን ግልጽ ነው፤ ያን ጊዜም ግልጽ ነበር። ወረንጦው የመጨረሻው ዕቃ ነው። እሱን ከሰጠኋቸው ቀጥሎ ያለው ረቡዕ የለም። ይህን የሚሰማ ሰው ሌላ ነገር ያስብ ይሆናል፤ የጋብቻ ነገር አልነበረም። ብቻዬን መሆን መሮኝ ነበር፣ ይኸው ነው። ለአንድ ሳምንት ብቻ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። በሚቀጥለው ረቡዕም መንገዱ ተዘግቷል አልኩ። በርግጥ አንዳንድ ሳምንት መንገዱ ይዘጋ ነበር፤ ውሸቴና እውነቱ እየተቀላቀሉ ሄዱና ለአፌ ቀለለኝ። ሙት ዓመቱ ካልደረሰላቸው እብናት እንደሚገቡ አውቃለሁ። ጨርሶ እንደማጣቸው አውቃለሁ። እያወቅሁ ደግሞ መሳቢያውን አልከፍትም። እንዲህ ዓይነት ሞኝ ሰው አይቼ አላውቅም።

እሳቸው በበኩላቸው አልጠበቁኝም፤ በጥፍራቸው ይሠሩ ነበር። ቡሄ አለፈ፣ ዘመኑ ተለወጠ፣ መስቀል አለፈ። ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ ሲመጡ የቀኝ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሣጥኑ ላይ አልተቀመጡም።

«ስምንት ጨርሻለሁ፤ አራት ይቀረኛል» አሉኝ። «ክሩ ሥጋውን በላው፤ አሁን መያዝም አቃተኝ። ዳኛቸው ለኅዳር መኪና እልካለሁ ብሏል። ይህን ያህል ጊዜ አስቸግሬህ ሳልሰናበትህ ብሄድ ነውር ነው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ይህን ብለው ወጡ። ከዚያ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ሱቁን በቀን ዘጋሁና ተከተልኳቸው።

ቤታቸው ገብቼ አላውቅም ነበር። አንዲት ክፍል ናት፤ በመስኮቱ ሥር ሁለት በርጩማ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ በርጩማ ላይ ትራስ አለ። በሌላው ላይ ያቺ ቆዳ የለበሰች ሞርሳ ታስራለች። የእትዬ ገነት በርጩማ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ወረንጦውን ሰጠኋቸው። ጨርቁን ከጣታቸው ፈቱና ገጥመው ወደ መስኮቱ አነሡት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። በነጠላቸው ላይ ሳቡት። ከትራሱ ላይ አንዲት ክር አነሡበት።

«ይኸ ነው» አሉ። «መቼ መጣ?»

«አንቱ እንደወጡ መጣ» አልኩ።

«እግዜር ነው ያመጣው።»

ወለሉን አየሁ።

ስምንቱ መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተንጠልጥለዋል። ዝም ከማለት ላወድስላቸው ብዬ አንዱን አወረድኩ። የወይራ እንጨት ዶቃ ነው። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ መቁጠሪያ መያዝ ልማዴ ስለሆነ አውራ ጣቴ ሳላዘው በዶቃው ላይ መሄድ ጀመረ። በልቤ «ኪርያላይሶን» እያልኩ ሄድኩ። ገና መሃል ሳልደርስ መስቀሉ ጣቴ ላይ መጣ። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ቆጠርኩ። ሃያ። ሌላውን አወረድኩ። ሃያ። እኅትማማቾቹ የሚሠሩት የአርባ አንዱን ነው፤ አርባ አንድ ጊዜ ኪርያላይሶን ለሚል ጸሎተኛ። ሃያ ዶቃ ያለው መቁጠሪያ እኔ አይቼ አላውቅም።

ዝም ልል አሰብኩ። ግን የመጀመሪያው መነኩሴ እንደያዘው ያውቃል፤ ያውም በሙት ዓመቱ ቀን፣ ሰው ፊት።

«እትዬ ዓይናለም፣ እስቲ ይኸን ይቁጠሩት» አልኩ።

ቆጠሩት። ስምንቱንም አወረዱና ቆጠሩ። ከዚያ ትራሱ ላይ ቁጭ አሉ።

«ከገነት ጋር ስንሠራ ቆጥረን አናውቅም» አሉ። «በኪርያላይሶን ነው የምንሰካው። የመጀመሪያውን ዶቃ እሷ ኪርያላይሶን ትለዋለች፤ ሁለተኛውን እኔ። እሷ፣ እኔ፣ እሷ፣ እኔ። የእኔ ሃያ ነው፤ በጣቴ አንጓ እይዘዋለሁ። የእሷ ሃያ አንድ ነው፤ የመጨረሻውን የምትለው እሷ ናት።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ የራሴን እላለሁ። የእሷ ተራ ሲደርስ ዝም እላለሁ፤ ዶቃ ሳልሰካ እጠብቃለሁ። ከዚያ ደግሞ የራሴን እላለሁ።» መቁጠሪያውን በመዳፋቸው ላይ ሰበሰቡት። «አጥሮ ይታየኝ ነበር፣ ደምሴ። እሷ ከሞተች ወዲህ ግን ሙሉ ሆኖ የሚታየኝ ምን አለ? እንደዚያው ነው ብዬ ተውኩት።»

አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም ብል እዋሻለሁ፤ በዚህ ታሪክ ደግሞ እስካሁን የዋሸሁት ይበቃል።

«የእሳቸውን ተራ እኔ ልበልልዎት?» አልኳቸው። «ሱቁን ዘግቼ ከሰዓት ከሰዓት እመጣለሁ።»

ሐሳቤን እንዳልናቁት ከፊታቸው አይቻለሁ።

«አይሆንም» አሉኝ። «ድምፅህ ሌላ ነው። እጄ ይስታል።»

ቋጠሮዎቹ የሚፈቱ ዓይነት አልነበሩም። ወንፊት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ስምንቱንም በመቀሱ ጫፍ እየቆራረጡ ዶቃውን ወንፊቱ ላይ አራገፉት። የስድስት ወር ሥራ በአንድ ከሰዓት አለቀ። እኔ ቆሜ ሳይ፣ ወረንጦውን በቡሄ ብሰጣቸው ኖሮ ሱቄ ድረስ መጥተው ይወስዱት ነበር፣ እኔም ቤታቸው አልመጣም ነበር፣ ስሕተቱንም ማንም አያየውም ነበር እያልኩ በልቤ ራሴን ነፃ ላወጣ ሞከርኩ። ጣታቸውን ሳይ ነፃነቱ ጠፋብኝ። ለሙት ዓመቱ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶት ነበር፤ አሥራ ሁለቱም እንደገና ከአንድ ይጀመራል።

በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጡም። ሊመጡም አይችሉም። በአሥረኛው ቀን አላስችል አለኝና የወስፌ መሞረጃ ይዤ ወረድኩ። ዕቃው ሰበብ ነው፤ እንደማያስፈልጋቸው አውቃለሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ከውስጥ የሁለት ሰው ድምፅ ሰማሁ። አንዱ ቀጭን ነው፤ እሱን አውቀዋለሁ። ሌላው ጎርነን ያለ፣ ቀስ የሚል የአሮጊት ድምፅ ነው። «ኪርያላይሶን» ይላል ጎርናናው። «ኪርያላይሶን» ይላል ቀጭኑ። በመሃሉ ክር ሲሳብ የሚሰማ ያህል ዝምታ አለ።

ሰው አገኙ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ቅናት ያዘኝ፤ የእኔ ድምፅ እጃቸውን ያስታል ተብሎ የማን አሮጊት ድምፅ ነው የማያስተው? ጎረቤታቸው ኤልሳቤጥ ከቦኖ ውኃ ቀድታ ስትመጣ አገኘኋት።

«እንግዳ አላቸው?» አልኳት።

ጀሪካኗን አስቀመጠች። «ማንም የለ፣ ጋሼ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሳቸው ናቸው። ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ እንዲህ ነው። የእትዬ ገነትን ድምፅ ነው የሚያወጡት። መጀመሪያ ስሰማው ውኃዬን ደፋሁት።»

አጥሩን ይዤ ቆምኩ። አንድ ዓመት ሙሉ የእኅታቸውን ተራ በዝምታ ጠብቀው ነበር። ያን ተራ ራሳቸው ከወሰዱት፣ የሚጠብቁት ሰው የለም ማለት ነው። እንዴት እንደቻሉት አላውቅም። እኔ በፍቅርተ ድምፅ አንድ ቃል ብናገር ቤቴ ውስጥ ማደር አልችልም። ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

ሙት ዓመቱ ጥቅምት ሃያ አራት ዋለ። ከጸሎተ ፍትሐቱ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አሥራ ሁለት ሰው ቆመ፤ ካህናት፣ ሁለት መነኮሳይት፣ ወደ ጣራ ገዳም የሚሻገሩ አባቶችም አሉበት። እትዬ ዓይናለም ከመሶብ ወርቁ ላይ አንድ በአንድ እያነሡ ሰጡ። አጠገቤ የቆሙትን አባት አስፈቅጄ አንዱን ያዝኩት። አርባ አንድ። ቋጠሮው ዶቃው ሥር ነው፤ በመሃላቸው ጥፍር አይገባም። እንዲህ ያለ ሥራ ከእኔ ሱቅ በወጣ ዕቃ ተሠርቶ አያውቅም።

ዳኛቸው ከእብናት መጥቶ ነበር። አክስቱ ጆሮው ላይ ጥቂት ነገር ነገሩት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀና እጃቸውን ሳመ። መኪናው ለኅዳር እንደማያስፈልግ ያኔ ገባኝ።

ሰዉ ሲበተን ጠጋ አልኳቸው። ጣታቸው ድኗል። ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ስለ መሳቢያው፣ ስለ ቡሄ፣ ስለ ሁለት ወር ውሸቴ። ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

«ሌላ የሚያስፈልግዎ ዕቃ ካለ ይሻው ከነገ ወዲያ ባሕር ዳር ይወርዳል» አልኳቸው።

«ምንም አይጎድለኝም» አሉኝ። «ሞርሳውም ፒንሳውም እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። ወረንጦው ደግሞ እኔን ይቀብራል። ስንት ወር ሙሉ አስቸገርኩህ፤ ከእንግዲህስ አላስቸግርህም፣ ወንድምዓለም።»

ሊያስደስቱኝ ነው ያሉት፤ ከልባቸው ነው። እኔ «ያስቸግሩኝ» ልላቸው ይገባ ነበር። አንዲት ቃል ናት። «እግዜር ያበርታዎት» ብዬ እጅ ነሣኋቸውና ሄጄ ሱቄን ከፈትኩ።

አሁን ጥር ነው። እትዬ ዓይናለም ለሁለት ሙሽራ የአንገት ዶቃ እየሠሩ እንደሆነ ኤልሳቤጥ ነግራኛለች። ረቡዕ ሲሆን እስከ እኩለ ቀን በሩን በሰፊው ከፍቼ እቀመጣለሁ።